ሞተርም አየር ይጠማዋል
(አንድ የራቤል ተወላጅ የምህንድስና ተማሪ በማኅበራችን የውይይት ጉባኤ ላይ ያደረገው ንግግር)




የዛሬው ንግግሬ አርእስት በማስታወቂያው ሰሌዳ ላይ በተለጠፈ ጊዜ ከመካከላችሁ አንዳንዶቻችሁ ፈገግ ስትሉ አይቻለሁ። እንዲያውም አንድ ወዳጄ፣ «በዚህ መድረክ ላይ ስለ ሕግ፣ ስለ ትምህርትና ስለ ሀገር ዕድገት ሲነገር ቆይቶ ዛሬ ስለ መኪና ቱቦ ሊወራ ነውን?» ሲል ጠይቆኛል። ለዚህ ወዳጄ የምሰጠው መልስ አጭር ነው። እኔ በተወለድኩበት በራቤል በሽተኛው ትልቅ ሐኪም ቤት የሚደርሰው፣ ገብሱና በጉ ሩቅ ገበያ የሚወጣው፣ እኔም ራሴ ወደ እናንተ የመጣሁት በዚያ ቱቦ በኩል በሚተነፍስ ሞተር ነው። ቱቦው ሲታመም አገሩ አብሮ ይታመማል። ስለዚህ ጥቂት ጊዜ ብትታገሡኝ፣ ቱርቦ ያለው ሞተር አየሩን ከየት መሳብ እንዳለበትና ከሙቀት እንዴት እንደሚጠበቅ፣ ከመጽሐፍ የተማርኩትንና ከአንድ ሽማግሌ መካኒክ የተማርኩትን አጣምሬ ላቀርብላችሁ እወዳለሁ።

በመጀመሪያ ስለ አገሩ ከፍታ ልናገር። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2400 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ናት። ወደ ሰሜን ሸዋ ተጉዘን ጣርማ በር ስንደርስ ከ3000 ሜትር በላይ ወጥተናል። የመንዝ ጓሳማ ከ3200 እስከ 3700 ሜትር ይደርሳል። በባሕር ጠረፍ የአየር ግፊት 101 ኪሎ ፓስካል ሲሆን በ3000 ሜትር ላይ ግን 70 ገደማ ብቻ ነው። ይህ ማለት በምጽዋ ወይም በጅቡቲ አንድ ሙሉ እንጀራ የሚጎርስ ሞተር በእኛ ደጋ ሩቡን ተነጥቆ ይውላል ማለት ነው። የናፍጣ ፖምፓው ግን ይህን ሁሉ ጊዜ አያስተውልም፤ ናፍጣውን እንደ ልማዱ ይሰጣል። አየር ያነሰው ናፍጣ በሚገባ ስለማይቃጠል ጥቁር ጭስ ይሆናል። በዳገቱ ላይ ከመኪናው ጀርባ የምታዩት ጥቁር ደመና ያልነደደ የባለቤቱ ገንዘብ ነው።

ቱርቦ የተፈለሰፈው ለሞተር ተጨማሪ እስትንፋስ ለመስጠት ነው። አልፍሬድ ቡኪ የተባለው የስዊስ መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1905 የፈጠራ መብቱን አስመዘገበ። እ.ኤ.አ. በ1918 ደግሞ ሳንፎርድ ሞስ የተባለ አሜሪካዊ መሐንዲስ ሊበርቲ የሚባለውን የአውሮፕላን ሞተር በጭነት መኪና ላይ አስጭኖ፣ ኮሎራዶ ውስጥ ወዳለው ፓይክስ ፒክ ተራራ፣ 4300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ወጣ። ሞተሩ ያለ ቱርቦ ሲሠራ ከጉልበቱ ሲሶ ያህል አጣ፤ በቱርቦ ሲሠራ ግን በቆላ የነበረውን ጉልበት መልሶ አገኘ። እንግዲህ ቱርቦ ገና ከልጅነቱ የደገኛ መሣሪያ ነበር ብንል ሐሰት አይሆንም።

አሠራሩም እንዲህ ነው። ከሞተሩ የሚወጣው ትኩስ ጭስ አንዱን መዘውር ያዞራል፤ በዚያው ዘንግ ላይ የተተከለው ሁለተኛው መዘውር ደግሞ ንጹሑን አየር ስቦ ይጨምቅና ወደ ሞተሩ ይልካል። ዘንጉ በደቂቃ ከ100000 ጊዜ በላይ ሊዞር ይችላል። ነገር ግን አየር ሲጨመቅ ይሞቃል፤ የብስክሌት ጎማ የነፋ ሁሉ የመንፊያው ጫፍ ሲግል ያውቀዋል። በከፍታ ላይ ደግሞ ቱርቦው የሚጨምቀው ከስስ አየር ተነሥቶ ስለ ሆነ ድካሙ ይበዛል። ለምሳሌ በሞተሩ መግቢያ 150 ኪሎ ፓስካል እንዲገኝ ብንፈልግ፣ በባሕር ጠረፍ አየሩን አንድ ጊዜ ተኩል ያህል መጨመቅ ይበቃል፤ በ3000 ሜትር ግን ከሁለት እጥፍ በላይ መጨመቅ ያስፈልጋል። የመጭመቂያው ብቃት ከመቶ 70 ነው ብለን ብናሰላ፣ 12 ዲግሪ ሆኖ የገባው አየር በባሕር ጠረፍ 60 ዲግሪ፣ በእኛ ደጋ ግን 111 ዲግሪ ሆኖ ይወጣል። ቱርቦው በደጋ ገና ከመነሻው እንዲህ ያለ ሸክም አለበት። እኛ ደግሞ በግዴለሽነት ሌላ ሸክም እንጨምርበታለን። ወደ ዋናው ጉዳዬ የምገባው እዚህ ላይ ነው።

ሁላችሁም ቅጥቅጥ የሚባለውን አውቶቡስ ታውቃላችሁ። ብዙውን ጊዜ የሚሠራው ለጭነት በታሰበ የአይሱዙ መኪና ሻንሲና ሞተር ላይ፣ በሀገራችን ጋራዦች ላሜራ ተቆርጦ፣ ተቀጥቅጦና ተበይዶ ነው። ይህ የሀገር ልጅ ጥበብ የሚናቅ አይደለም፤ የገጠሩ ሕዝብ ከከተማ ጋር የተገናኘው በእርሱ ነውና። ነገር ግን ለጭነት የታሰበ ሞተር የአየር መግቢያው አብዛኛውን ጊዜ ከጋቢናው በስተኋላ ከፍ ብሎ የቆመ ቱቦ ነው። ጋቢናው ተነሥቶ በቦታው የሰው መቀመጫ ሲሠራ ያ ቱቦ መንገድ ይዘጋል። ያን ጊዜ ቦዲ ሠሪው ቱቦውን ይቆርጥና አፉን ባገኘው ባዶ ቦታ ይሰካዋል። ባዶ ቦታ የሚገኘው ደግሞ ከራዲያቶሩ ኋላ ወይም ከማርሚታው አጠገብ ነው።

አጎቴ በራቤልና በመሐል ሜዳ መካከል የሚመላለስ እንዲህ ያለ መኪና ሾፌር ነው። የመኪናው ባለቤት ዕቁቡን አሰባስቦ፣ የቀረውን ተበድሮ ነው የገዛው። ባለፈው የክረምት ዕረፍት ወደ ቤቴ ስሄድ በዚህችው መኪና ተሳፍሬ ነበር። ከአንድ ዳገት ሥር ስንደርስ አጎቴ ቆመና፣ «ወንዶች ውረዱ፤ እናቶችና ልጆች ይቀመጡ» አለ። እኛ ዝናቡን እየተመታን በእግራችን ወጣን፤ መኪናዋም ጥቁር ጭሷን እየተፋች በአንደኛ ማርሽ ቀደመችን። ከሰዎቹ አንዱ በቀልድ፣ «ሙሉ ከፍለን ግማሹን በእግራችን!» አለ። ሁሉም ሳቀ፤ አጎቴ ግን አልሳቀም። በዚያው ዓመት ቱርቦው አንድ ጊዜ ተበልቶ ተቀይሮ ነበር፤ አሁን ደግሞ እንደ ገና ያፏጭ ጀመር። ሁለተኛ ቢሰበር ባለቤቱ ዕዳውን መክፈል ስለማይችል መኪናዋ ትሸጣለች፤ አጎቴም ሥራውን ያጣል።

እኔም የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝና ነገሩን በሁለት ቀን እንደማስተካክለው አስቤ ተነሣሁ። ከፊልትሮው በፊት ባለው የቱቦው አፍ ውስጥ ቴርሞሜትር አስገብተን ዳገቱን ወጣን። ውጭው 12 ዲግሪ ሳለ ሞተሩ ይስበው የነበረው አየር 52 ዲግሪ ሆኖ አገኘነው። ይህ 40 ዲግሪ ትርፍ ምን እንደሚያደርግ አስሉት። አየር በሞቀ ቁጥር ይሳሳልና፣ ቱርቦው ሥራውን ገና ሳይጀምር ከአየሩ ክብደት ከመቶ 12 ያህሉ ጠፍቷል። በደጋው ስስ አየር ላይ ይህ ሲደረብበት ምን እንደሚሆን ለእናንተ እተወዋለሁ። ከዚህም በላይ፣ ቀደም ብዬ ባቀረብኩት ስሌት፣ 12 ዲግሪ የገባው 111 ሆኖ ሲወጣ 52 የገባው 165 ሆኖ ይወጣል። መግቢያው ላይ የጨመረው 40 ዲግሪ መውጫው ላይ 54 ሆኗል። ሙቀት ወለድ ይወልዳል ማለት ነው። አዙሪቱም ይህ ነው፤ ትኩስ አየር ስስ ነው፤ ስስ አየር ጭስ ያበዛል፤ የናፍጣው ቃጠሎ ሲበላሽ የጭሱ ሙቀት ይጨምራል፤ ጭሱ ኮሌቶሩን ያግለዋል፤ የጋለው ኮሌቶር የሞተሩን ክፍል ያሞቀዋል፤ ቱቦውም ያንኑ የሞቀውን መልሶ ይስባል።

እኔ ታዲያ ምን አደረግሁ? ቱቦውን በሙሉ በመከላከያ ጨርቅ ጠቀለልኩ፤ በቱቦውና በኮሌቶሩ መካከልም ላሜራ ቆርጬ በብሎን ከራሱ ከኮሌቶሩ ጋር አጥብቄ አሰርኩ። በኩራት ዳገቱን ብንወጣ ቴርሞሜትሩ የቀነሰው ሦስት ዲግሪ ብቻ ሆነ። ላሜራዬም ራሱ ግሎ እንደ ምጣድ ሆኖ ነበር።

በዚያ ጊዜ አንድ ሽማግሌ መካኒክ ዝም ብለው ያዩኝ ነበር። ቀርቤ፣ «ጋሼ፣ ምኑ ላይ ነው የተሳሳትኩት?» ብዬ ጠየቅኋቸው። እርሳቸውም፣ «ልጄ፣ ግድግዳውን ጥሩ አድርገህ ለስነኸዋል። በሩ ግን ወደ ጭሱ ቤት ነው የተከፈተው። የቱቦው አፍ ወዴት ነው የሚያየው?» አሉኝ።

ወንድሞቼና እኅቶቼ፤ ሦስት ዓመት የተማርኩት ሁሉ በዚያች ጥያቄ ውስጥ ነበረ። በኋላ በወረቀት ባሰላው የሽማግሌው ቃል ልክ ሆኖ ተገኘ። ሞተሩ ሲሠራ አየሩ በቱቦው ውስጥ በሰኮንድ 20 ሜትር ገደማ ይነጉዳል። አንድ ሜትር በሚሆን ቱቦ ውስጥ የሚቆየው እንግዲህ የሰኮንድ ሃያኛ ያህል ብቻ ነው። በዚህ ቅጽበት ከቱቦው ግድግዳ የሚወስደው ሙቀት ትንሽ ነው። ዋናው ሙቀት የሚገባው በአፉ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ሕግ ይህ ነው፤ መንገዱን ሳታቃና ግርዶሽ አትሥራ።

ከሽማግሌው ጋር ሆነን የሠራነው በሚከተለው ሁኔታ ነበር።

አንደኛ፤ የቱቦውን አፍ ከሞተሩ ክፍል አውጥተን በመኪናዋ ጎን፣ ከመስኮቱ በላይ አደረግነው። ከፍታው ለሦስት ነገር ይጠቅማል። አየሩ ቀዝቃዛ ነው፤ በጎማ የሚነሣው አቧራ ያንሳል፤ በክረምትም መኪናዋ ወንዝ ስትሻገር ውኃ አትስብም። ውኃ እንደ አየር አይጨመቅም፤ ወደ ሲሊንደር ከገባ ቢየላውን አጣሞ ሞተሩን ይገድለዋል። አፉንም ዝናብ እንዳይገባበት ወደ ታች አጎነበስነው፤ ከቱቦው ዝቅተኛ ቦታም የጠብታ መውጫ አበጀንለት።

ሁለተኛ፤ ቱቦው እንዳይጠብና እንዳይሰበር ተጠነቀቅን። 75 ሚሊ ሜትር የነበረውን ቱቦ 60 ቢያደርጉት የማለፊያው ስፋት ከመቶ 64 ብቻ ይቀራል፤ የመሳቡም ችግር ወደ ሁለት እጥፍ ተኩል ያድጋል። ጥግ ያለው ክርን እንዲሁ ትንፋሽ ይቆርጣል፤ ስለዚህ ሰፊ እጥፋት መረጥን። ችግሩን ለመለካት ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። ብርሃን የሚያሳልፍ ቀጭን ጎማ እንደ ፈረስ ኮቴ አጥፉት፤ እያንዳንዱን እግር አንድ ሜትር አድርጉና እስከ ግማሽ ውኃ ሙሉበት። አንዱን ጫፍ በፊልትሮውና በቱርቦው መካከል ካለች ትንሽ ቀዳዳ ጋር አገናኙት፤ ሌላው ክፍት ይሁን። መኪናው ተጭኖ ዳገት ሲወጣ በሁለቱ እግሮች መካከል የሚታየው የውኃ ከፍታ ልዩነት የሞተሩን የመተንፈስ ችግር ይነግራችኋል። 10 ሳንቲ ሜትር ውኃ አንድ ኪሎ ፓስካል ያህል ነው። ለብዙ ትልልቅ ቱርቦ ናፍጣ ሞተሮች ፊልትሮ ይቀየር የሚባለው ልዩነቱ 60 ሳንቲ ሜትር አካባቢ ሲደርስ ነው፤ በደጋ ግን አየሩ ራሱ ጥቂት ስለ ሆነ ከዚያ ቀድሞ መንቃት ብልኅነት ነው። ከልኬቱ በኋላ ቀዳዳዋን አጥብቆ መድፈን እንዳይረሳ።

ሦስተኛ፤ ከፊልትሮው በኋላ ያለውን ጎማ መረመርን። የመጀመሪያውን ቱርቦ የገደለው ይኸው ነበር። ጎማው ከኮሌቶሩ ሙቀት የተነሣ ደርቆ ተሰንጥቋል፤ በስንጥቁም ያልተጣራ አቧራ ይገባ ነበር። በዚያ ፍጥነት ለሚዞር መዘውር አቧራ እንደ ሞረድ ነው። ተራ ጎማ ከ100 ዲግሪ በላይ ሲውል ቶሎ ያረጃል፤ የሲሊኮን ጎማ ግን እስከ 200 ዲግሪ አካባቢ ይታገሣል። በተጨማሪም ይህ ቦታ የሚሳብ እንጂ የሚገፋ አይደለምና፣ ጎማው ለስላሳ ከሆነ ወደ ውስጥ ተጣብቆ ይዘጋል። ስለዚህ በውስጡ ሽቦ ያለው ጎማ ይመረጣል፤ በሁለቱም ጫፍ በፋሼታ በደንብ ይታሰራል።

አራተኛ፤ ግርዶሹን እንደ ገና ሠራን። በምድጃ ዳር የተቀመጠ ሰው ፊቱ ሲቃጠል ነጠላውን ዘርግቶ ይጋርዳል፤ ነጠላው ስስ ቢሆንም ፊቱ ወዲያው ይቀዘቅዛል። ከእሳት የሚመጣው ሙቀት እንደ ብርሃን በቀጥታ የሚወረወር ነውና። ይህም ሙቀት ከግለቱ ጋር እጅግ በፍጥነት ያድጋል፤ 600 ዲግሪ የጋለ ብረት 300 ዲግሪ ከጋለው ይልቅ ከ5 እጥፍ በላይ ይወረውራል። የሚያብለጨልጭ አሉሚኒየም አብዛኛውን መልሶ ያንጸባርቀዋል። ግን ነጠላውን እሳቱ ውስጥ የሚነክር ሰው የለም፤ የእኔ ስሕተት ይህ ነበር። ግርዶሹ የሚታሰረው ከጋለው ብረት ጋር ሳይሆን ከሻንሲው ወይም ከቦዲው ጋር ነው። በሁለቱም ወገን ሁለት ሳንቲ ሜትር ያህል ባዶ ቦታ ይተውለታል፤ ከላይና ከታችም ነፋስ እንዲያልፍ ክፍት ይሆናል። ለቤት ክዳን የሚሆነውን ቆርቆሮ ግን አትጠቀሙ፤ የተለበጠበት ዚንክ በ420 ዲግሪ ገደማ ይቀልጣል፤ ጢሱም ለሰው ጎጂ ነው። ከአሮጌ ዕቃ የተፈታ አስቤስቶስም አይነካ፤ ብናኙ ካንሰር ያመጣል።

አንድ ጥያቄ ሊነሣ ይችላል፤ «ኮሌቶሩን ራሱን ብንጠቀልለውስ?» የምትሉ አላችሁ። የመንዝ ሰው በባና ሲጠቀለል ባናው አያሞቀውም፤ የገዛ ሙቀቱን ይይዝለታል እንጂ። የተጠቀለለ ኮሌቶርም እንዲሁ ሙቀቱን በውስጡ ይይዛል። የሞተሩ ክፍል ይቀዘቅዛል፤ ብረቱ ግን ከወትሮው የበለጠ ይግላል፤ አሮጌ ብረት ከሆነም ሊሰነጠቅ ይችላል። ዘይትም ከፈሰሰበት ጨርቁ ይጠጣውና እሳት ይነሣል። በሕዝብ ማመላለሻ ላይ ስለዚህ ክፍተት ያለውን ግርዶሽ እመርጣለሁ። ግርዶሹ የዘይቱንና የናፍጣውን ጎማዎች ጭምር እንዲሸፍን ማድረግ የአርባ ሰው ነፍስ መጠበቅ ነው።

ሥራው ሲያልቅ እንደ ገና ዳገቱን ወጣን። ውጭው 13 ዲግሪ ሲሆን በቱቦው አፍ 16 ዲግሪ አገኘን። መኪናዋ አዲስ አልሆነችም፤ ይህን ብል እዋሻለሁ። ጭሷ ግን ሳሳ፤ ሰውም ሳይወርድ ዳገቱን ወጣች። አጎቴ ከላይ ሲደርስ ሞተሩን ሳያጠፋ ለሁለት ደቂቃ ያህል በዝግታ አሠራው፤ የጋለው ቱርቦ ዘይት ተቋርጦበት እንዳያር ሽማግሌው አስተምረውታልና። ያን ጊዜ ወደ እኔ ዞሮ፣ «እንግዲህ አንተም ሙሉ ከፍለህ ሙሉ ሄድክ» አለኝ። በዚያ ጉዞ የሳቀው ገና ያን ጊዜ ነው።

የተከበራችሁ አባሎች፤ አንዳንዶቻችሁ፣ «መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከልክሎ ፊቱን ወደ ኤሌክትሪክ አዙሯል፤ ታዲያ ይህ ሁሉ ስለ አሮጌ ሞተር ለምን?» ትሉ ይሆናል። የኤሌክትሪክ ሞተር አየር ስለማይተነፍስ ለደጋችን የተመቸ መሆኑን አልክድም፤ የሚመጣበትንም ቀን እናፍቃለሁ። ነገር ግን ዛሬ በራቤል መንገድ ላይ ያሉት ሞተሮች ነገ ጠዋት አይጠፉም። ዕዳቸው ያላለቀ፣ ልጅ የሚያስተምሩና እናት የሚያደርሱ ናቸው። የነገውን ተስፋ እያደረግን የዛሬውን መጠገን ግዴታችን ነው።

ስለዚህ ለማኅበራችን ሁለት ነገር አሳስቤ ንግግሬን እፈጽማለሁ። የመጀመሪያው፣ የቴክኖሎጂ ተማሪዎች በየዕረፍቱ ወደየአገራችን ስንሄድ ቢያንስ አንድ ቀን በጋራዥ እንዋል፤ ለማስተማር ብቻ ሳይሆን ለመጠየቅም። ሁለተኛው፣ ዛሬ የተናገርኩትን የመሰለ ነገር በቀላል አማርኛ፣ በሥዕል ተደግፎ፣ በአንድ ቅጠል ወረቀት ላይ ይባዛና ለቦዲ ሠሪዎች ይሰጥ። መካኒኩ ቱቦውን በተሳሳተ ቦታ የሰካው ሞኝ ስለ ሆነ አይደለም፤ ስሌቱን በቋንቋው ጽፎ የሰጠው ስላልነበረ ነው። እኔም ላሜራዬን በተሳሳተ ቦታ ያሰርኩት ስሌቱን ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም፤ የቱቦው አፍ ወዴት እንደሚያይ ጎንበስ ብዬ ስላላየሁ ነው። ሁለታችን ስንገናኝ መኪናዋ ዳገቱን ወጣች።